ለ«እተካለሁ» ቦታ የሌለው ሲስተም

ባለፈው ወር የኩባንያውን ላፕቶፕ፣ ለማሳያ የምይዛቸውን ታብሌቶችና የሲም ካርዶቹን ቦርሳ አስረክቤ ሥራዬን ለቀቅሁ። ጡረታ ለመውጣት ገና ነኝ። እናቴ «በዚህ እድሜ ጥሩ ሥራ የሚለቅ ሰው አላየሁም» ብላ ለጎረቤት ሁሉ አማችኝ። አሁን እዚሁ ነገሌ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ስለማስተምር ሥራ ፈት አይደለሁም። ለሱቆች ሲስተም እየዘረጋሁ የቆየሁበት ዘመን ግን አልቋል፤ ያለቀውም ከኋላዬ ወሬ ትቶ ነው። አንዳንድ የድሮ ባልደረቦቼ «ለደንበኛ አድልታ ከአለቃዋ ተጣላች» ይላሉ አሉ። አልዋሹም። አድልቻለሁ። የማፍርበት ነገር ስላልሆነም ነው የምጽፈው።

ተወልጄ ያደግሁት ነገሌ ነው። አባቴ በመምህርነት ተመድቦ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ ቀረ። እኔ ከልጅነቴ ዓይነ አፋር ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ጽሑፍ ማቅረብ ካለብኝ ከቀናት በፊት ጀምሮ እህል አይወርድልኝም ነበር። ኢንፎርሜሽን ሲስተም የተማርኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሰው ይልቅ ከማሽን ጋር የሚያውል ሥራ ይሆናል ብዬ ነው። ስቀጠር ግን ሥራዬ ባለሱቆችን እያነጋገሩ ማሳመንና ማሠልጠን ሆኖ አረፈው።

የምንሸጠው ነገር ቀላል ነው። ባለሱቁ ታብሌት ይሰጠዋል። የገባውን ዕቃና የሸጠውን እዚያ ላይ ይመዘግባል። መዝገቡ ግን ሱቁ ውስጥ አይቀመጥም፤ በኔትወርክ አድርጎ ሩቅ ቦታ ወዳሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ይሄዳል። ሱቁ ቢቃጠል፣ ታብሌቱ ቢሰረቅ መዝገቡ አይጠፋም። ባለቤቱም አዲስ አበባ ይሁን ናይሮቢ፣ ስልኩን ከፍቶ ሱቁ ውስጥ ምን እንዳለ ያያል። ክላውድ የሚባለው ይህ ነው። ቃሉ ደመና ማለት ነው ብዬ ለአንድ የያቤሎ ነጋዴ ሳስረዳ፣ «ደመና ከሆነ ወደ ሜዳው ውሰጂውና ይዝነብልን፤ እዚህ ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል?» አለኝ። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። ስቆ ሲጨርስ ሲስተሙን ገዛኝ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ስሜ «የደመናዋ ልጅ» ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ያቤሎ ነው። ከተማዋ አስፋልቱ ላይ ስለሆነች ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ነበር። እዚያ ያሠለጠኑኝ ጋሽ ታምራት ናቸው። ድሮ ሬዲዮ፣ ኋላ ደግሞ የሱቅ ደረሰኝ ማሽን ሲጠግኑ የኖሩ፣ ኩባንያው ቦረናንና ጉጂን ስለሚያውቁ የቀጠራቸው ሰው ነበሩ።

ጋሽ ታምራት አዲስ ሱቅ ሲገቡ ላፕቶፕ አይከፍቱም። ክብሪት ወይም ባትሪ ድንጋይ ይገዙና በርጩማ ለምነው ጥግ ይይዛሉ። እስከ ምሳ ድረስ ገዢው ዕቃውን በምን ስም እንደሚጠራ ያዳምጣሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም የሚጠራ የለም። ሳሙናው በቀለሙ፣ ሻይ ቅጠሉ በላዩ ባለው ሥዕል፣ ስኳሩ ደግሞ «ሱካራ» ተብሎ በኦሮምኛ ይጠየቃል። ጋሽ ታምራት ሲስተሙ ውስጥ የሚያስገቡት ያንን ስም ነው። ከአዲስ አበባ የተላከልንን የዕቃ ስም ዝርዝር አንድም ቀን ሲጠቀሙበት አላየኋቸውም። «ባለሱቅ ገዢ ቆሞ እየጠበቀው የፋብሪካ ስም ሲፈልግ አይውልም» ይሉኝ ነበር።

ሲያሠለጥኑ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ባለሱቁ ቢሳሳት፣ ቢዘገይ፣ ቢናደድ ታብሌቱን አይነኩትም። እኔ ቸኩዬ ጣቴን ስዘረጋ፣ «እጅሽን ሰብስቢ፤ ነገ እኮ እዚህ የለሽም» ይሉኛል። ሥልጠናው ሲያልቅ ኔትወርኩን ራሳቸው ያጠፉና «በሉ አሁን ሽጡ» ይላሉ። ታብሌቱ ሽያጩን ይዞ እንደሚቆይ፣ ኔትወርክ ሲመጣም እንደሚልከው ባለሱቁ በዓይኑ ካላየ ሥራው ተጠናቀቀ ብለው አይፈርሙም። «ሲስተም የለም» የሚለውን አባባል ይጠሉታል። «ባለሱቁ አለ፣ ዕቃው አለ፣ ገዢው አለ። የሌለው ታዲያ ማን ነው?» ይላሉ።

ከያቤሎ ሜጋ ተላክሁ። የሜጋ ሱቆች ብዙ የሚሸጡት ለመንገደኛ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ «ውኃ፣ ብስኩት፣ የስልክ ካርድ» የሚል ሾፌር ስክሪኑ ደጋግሞ ተነክቶ እስኪያልቅ አይጠብቅም። እዚያ የተማርኩት መንካትን መቀነስ ነው፤ ቶሎ ቶሎ የሚሸጠውን የመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቁ ማስቀመጥ፣ ታብሌቱን ፀሐይ በማያገኘው ማዕዘን ማሰር፣ የቻርጀሩን ቀዳዳ ከአቧራ መሸፈን። ደሞዙ ከመምህር ትንሽ ይሻላል፤ አበሉ ይዘገያል፤ የወር ሪፖርቴን የሚያነበው ሰው እንዳለ እስካሁን እጠራጠራለሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ጋሽ ታምራት ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ሥራውን ተዉ። ነገሌና አካባቢው ለእኔ ተሰጠ።

በነገሌ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ አዴ ሐሊማ ናቸው። አዴ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ ሱቁን ብቻቸውን ይዘዋል። ሱቁ ግን የቤተሰብ ነው፤ ግማሹ የባላቸው ታላቅ ወንድም የሐጂ አደም ድርሻ ነው። ሐጂ አደም አዲስ አበባ ይነግዳሉ። ለሲስተሙ የከፈሉትም፣ በሲስተሙ ላይ በባለቤትነት የተመዘገቡትም እሳቸው ናቸው።

እንደ ጋሽ ታምራት ክብሪት ገዝቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት ኦቦ ጃርሶ ገቡ፤ ረጅም፣ ፀጉራቸው የነጣ ሽማግሌ ናቸው።

«አካም፣ ሐሊማ።»

«ናጋ፣ ኦቦ።»

«ሁለት ኬሻ ሱካራ ስጪኝ። የሊበን ሰዎች መኪና ይዘው መጥተው የእኔ አለቀ። እተካለሁ።»

«ውሰዱ። ሰዎቹን ግን እንደ ባለፈው በወሬ እንዳያስመሿቸው።»

«ወሬውም አብሮ ነው የሚሸጠው» ብለው ወጡ።

አልተጻፈም፤ አልተፈረመም። ከሰዓት በኋላ አዴ ሐሊማ ዘይት ሲያልቅባቸው ከኦቦ ጃርሶ ሱቅ አስመጡ። የረድፉ ሱቆች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ከሊበን ገጠር በጭነት መኪና ላይ ተጭኖ የመጣ ሰው ሱቅ ለሱቅ ሲዞር እንዳይመሽበት፣ አንዱ የሌለውን ከሌላው አምጥቶ ይሸጥለታል። የሚተካው በሳምንት ሊሆን ይችላል፤ በወር ሊሆን ይችላል። ስኳሩም በሩዝ ሊተካ ይችላል።

የእኛ ሲስተም ደግሞ ዕቃ ከሱቅ የሚወጣበትን ሁለት መንገድ ብቻ ያውቃል፤ «ሽያጭ» እና «ጉድለት»። ጉድለቱም በባለቤቱ ስልክ ላይ በቀይ ይጻፋል።

ያንኑ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ጻፍኩ። ሦስተኛ ቁልፍ ይጨመርልን፤ ስሙም ራሳቸው ነጋዴዎቹ እንደሚሉት «እተካለሁ» ይሁን አልኩ። የክፍል ኃላፊያችን አቶ ናሆም ደወለልኝ። ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ፈጣን፣ ትሁት ልጅ ነው። ከሐዋሳ ወዲህ መጥቶ አያውቅም።

«ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ሲስተሙ በየከተማው የሚሠራ ነው። ለነገሌ ተብሎ አይቀየርም። ጉድለት ብለው ያስገቡት፤ ሲመለስ ያስተካክሉታል።»

«የጎደለ ነገር እኮ የለም» አልኩት።

«ከሱቁ ወጥቷል አይደል? ያልተሸጠና የሌለ ዕቃ ጉድለት ነው።»

ለሐጂ አደም ራሴ ደወልኩ። ቀዩ ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ እኔ የከፈልኩት ለማየት ነው። የማየውን ልታስረጂኝ ከሆነ ድሮም ሐሊማ በስልክ ታስረዳኝ ነበር» አሉኝ። ለጋሽ ታምራት ይህን ስነግራቸው፣ «ነገሩ ከሲስተም ወጥቷል። ያቺን ሴት ተጠግተሽ ቁሚ» አሉኝ።

አዴ ሐሊማ ግን ሥራውን ወደዱት። ስኳርና ሩዝ መቼ እንደሚያልቅባቸው አስቀድመው ማወቅ ጀመሩ። እሳቸውን አይተው የረድፉ ሱቆች አብዛኞቹ ገዙ፤ ኦቦ ጃርሶም ጭምር። አዴ ሐሊማ ያበደሩትን ሁሉ በታማኝነት «ጉድለት» ውስጥ ያስገባሉ፤ ሌላ ቦታ የለማ። የተዋሱት ደግሞ ገቢ ተብሎ ይመዘገባል፤ ግን ሐጂው ከቀዩ በቀር አያዩም። እንዲህ ሆኖ ወራት አለፉ።

አንድ ቀን አቶ ናሆም ደወለ። «የነገሌው ሱቅ ባለቤት ሠራተኛቸውን ከሲስተሙ አስወጡልኝ ብለዋል። ስሟን አጥፊው።»

«ሠራተኛ አይደሉም። የወንድማቸው ሚስት ናቸው። ሱቁን የያዙት እሳቸው ናቸው።»

«የቤተሰብ ጉዳይ ውስጥ አንገባም። በባለቤትነት የተመዘገበው ማን ነው?»

«ሐጂ አደም።»

«እንግዲያው አጥፊው።»

«አላጠፋም» አልኩት። ይህን ቃል ለአለቃ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። «ሐጂው ራሳቸው መጥተው ይንገሯቸው። ቤተሰብ ነው፤ ሽማግሌ አለ። እኔ ከሱቃቸው በስልክ አላስወጣቸውም።»

አልተቆጣም። «እሺ፣ እኔ አጠፋዋለሁ» አለ።

ወዲያው እየሮጥኩ ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። አዴ ሐሊማ ታብሌቱን ደጋግመው ይነካሉ። እሳቸው የሚያነቡት ኦሮምኛ በቁቤ ነው፤ የስክሪኑ አማርኛ አይሆንላቸውም። ወደ እኔ አዙረው ያዙት።

«ምን ይላል?»

አነበብኩት። «መግባት አይችሉም ይላል።»

«የት?»

«ወደ ሱቁ።»

ዙሪያቸውን አዩ፤ መደርደሪያውን፣ ኬሻዎቹን፣ የቆመውን ሰው። «እኔ እኮ ውስጡ ነኝ» አሉ።

ያ ጠዋት በሥራ ዘመኔ ሁሉ የከፋው ነው። የቁልፍ ሰሌዳ ስህተት አይደለም፤ ሲስተሙ አልተበላሸም፤ የታዘዘውን በትክክል ነው የሠራው። ድሮ ቢሆን ሐጂ አደም ይህን ሱቅ ለመንጠቅ ሁለት ቀን በመኪና ተንገላተው፣ በረንዳው ላይ ሰላምታ ተቀብለው፣ የሟች ወንድማቸውን ሚስት ዓይን እያዩ መናገር ነበረባቸው። እኛ ያንን ሁሉ አሳጠርንላቸው። ይህን አገልግሎት ብለን ሸጥን።

አዴ ሐሊማ ሻርፓቸውን ታብሌቱ ላይ ጣል አደረጉና «ምን ነበር ያልከው?» ብለው ወደ ገዢው ዞሩ። ቀኑን ሙሉ ሸጡ። እኔም እንደ ሱቅ ረዳት ሆኜ ኬሻ ሳወርድ ዋልኩ፤ ኩባንያው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚለኝ አውቅ ነበር።

ሐጂ አደም በዚያው ሳምንት ለሽምግልና መጡ። ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ፣ የጨው ኬሻ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀመጠ። ሁለት የቤተሰቡ ሽማግሌዎች፣ ኦቦ ጃርሶ፣ የረድፉ ነጋዴዎች አሉ። አቶ ናሆም አስቀድሞ ደውሎ፣ «ከተጠየቅሽ ስክሪኑ ላይ ያለውን ብቻ አንብቢ፤ ትርጉም አትስጪ» ብሎኛል።

ሐጂ አደም ክፉ ሰው አይደሉም። ሲናገሩም በዝግታ ነው። ስልካቸውን አውጥተው ቀዩን አሳዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ማሽኑ የእናንተ ነው። ጎድሏል ይላል። ጎድሏል ወይስ አልጎደለም?»

«አልጎደለም» አልኩ።

«ድምፅሽ አይሰማም፤ ድገሚው።»

«አልጎደለም። ‹ጉድለት› የሚለውን ቃል የጻፍነው እኛ ነን። ለጎረቤት የሰጡትን የሚያስገቡበት ሌላ ቦታ ስላልሠራንላቸው ነው። ቦታ ይሠራላቸው ብዬ ጠይቄ እምቢ ተባልኩ። አዴ ሐሊማ የሰጡትን ሳይደብቁ በመመዝገባቸው ነው የተከሰሱት። ባይመዘግቡት ኖሮ አንቱም ቀይ አያዩም ነበር።»



ሐጂው አሰቡበት። «ደግ» አሉ። «እንግዲያው ቀላል ነው። የወሰደ ሁሉ ዛሬ ይመልስ። የሰጠም የራሱን ይውሰድ። ባዶ ይሁንና ከነገ ጀምሮ ንጹሕ እንጀምር።»

ለእኔ ፍትሐዊ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ጃርሶ ግን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እሺ። የሐሊማን ስኳር አመጣለሁ። ዘይቴንም እወስዳለሁ። ከዚያ ወዲያ በዚህ በር የምገባው እንደ ገዢ ነው።»

ሐጂው ደነገጡ። «ምን አጠፋሁ ኦቦ?»

«አደም፣ እዚህ ገበያ ሁለት ሰው ሁሉን ተመላልሶ ባዶ የሚያደርገው ሲጣላ ነው። አዲስ አበባ ቆይተህ ረስተኸው ነው። አባትህ ሲሞት የእሱ ዕቃ በእኔ ቤት ነበር፤ የእኔም በእሱ ቤት። ልቅሶ ላይ ማንም ስለዚያ አላነሳም፤ ያነሳ ቢኖር ከሰው አይቆጠርም ነበር። አንተስ በልጅነትህ ከሱቄ ከረሜላ ስታነሳ ዝም ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?»

«ያዩኝ ነበር?» አሉ ሐጂው።

«መስረቅ የሚያውቅ እጅ አልነበረህም።»

ግቢው ሳቀ። ሐጂ አደምም ሳቁ፤ አንገታቸውን ደፍተው። ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና «ተቀመጡ ኦቦ፤ አይመለስ» አሉ። አዴ ሐሊማን ይቅርታ አላሏቸውም። «ክፈቺላት» ነው ያሉት፤ ለእኔ።

እኔ መክፈት አልችልም ነበር። ሥልጣኑ አዲስ አበባ ነው። ሐጂው እዚያው ደወሉ። አቶ ናሆም በትሕትና በጽሑፍ ማመልከቻ ያስፈልጋል አላቸው። «ስትዘጋው ማመልከቻ ጠይቀኸኛል?» አሉት። ሳይመሽ ተከፈተ።

ሱቁ በአዴ ሐሊማ እጅ ቆየ። ድል ነው ብዬ እንዳልጽፈው የሚከለክለኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የረድፉ ነጋዴዎች ያንን ጠዋት አይተዋል። አንድ የማያውቃቸው ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰውን ከሱቁ ማስወጣት እንደሚችል ገብቷቸዋል። ኦቦ ጃርሶ ታብሌቱን ከነካርቶኑ አምጥተው ሰጡኝ። «ዕቃው ጥሩ ነው፤ አንቺም ጥሩ ነሽ። ቁልፉ ግን ሌላ ሰው እጅ ነው» አሉኝ። አዴ ሐሊማ ታብሌቱን አልመለሱም፤ ለጎረቤት የሚሰጡትን ግን መመዝገብ ተዉ። በዓይኔ እያየሁ ስኳሩ ይወጣል፤ ሲስተሙ ላይ አለ ይላል። በእውነት የሚመዘግብ ሰው ነበረን፤ መዋሸትን እኛ አስተማርነው።

ለአቶ ናሆም ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ሦስተኛውን ቁልፍ እንደገና ጠየቅሁ። የመጣው መልስ አዲስ መመሪያ ነበር፤ በነገሌ ያሉ ደንበኞች በሙሉ የተበዳደሩትን ዕቃ ማታ ማታ እየተመላለሱ ጉድለቱን ዜሮ እንዲያደርጉ አሠልጥኚ የሚል። ይህን ይዤ ወደ ሱቆቹ አልሄድኩም። ሳምንት ቆይቶ ደወለ።

«ሥልጠናው ተጀመረ?»

«አልተጀመረም። አልጀምረውምም።»

«ስሚኝ፣ እኔም ከላይ እየተጠየቅሁ ነው። አንድ ቀን ብቻ ንገሪኝ። የነገሌ ጉድለት መቼ ይዘጋል?»

«አይዘጋም» አልኩት። «የሚዘጋው ሲጣሉ ነው። አልተጣሉም።»